የአዮዲን መብዛትና የታይሮይድ ዕጢ

አዮዲን የታይሮይድ ሆርሞን የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ነው። ሲያንስ እንቅርት እንደሚያመጣ ብዙ ሰው ያውቃል፤ ሲበዛም ዕጢውን ሊያውክ እንደሚችል የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ለአንድ አዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃዋል፤ ለነፍሰ ጡር የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው 250 ነው። ለአዋቂ የተወሰነው ከፍተኛ ጣሪያ በአሜሪካ 1,100፣ በአውሮፓ 600 ማይክሮግራም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1948 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጃን ዎልፍና እስራኤል ቻይኮፍ ለአይጦች ብዙ አዮዲን ሰጥተው ያልተጠበቀ ነገር አዩ፦ በደም ውስጥ ያለው አዮዲን ከፍ ሲል ዕጢው ሆርሞን መሥራቱን ገታ። ክስተቱ በስማቸው የዎልፍ-ቻይኮፍ ውጤት ይባላል። ጤነኛ ዕጢ ግን በዚያ አይቀርም። በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ አዮዲንን ወደ ሕዋሱ የሚያስገባው ፕሮቲን ይቀንሳል፤ በሕዋሱ ውስጥ የተከማቸው አዮዲን ይጎድላል፤ ሥራውም ይቀጥላል። አብዛኛው ሰው ከፍ ያለ መጠን ወስዶ ምንም የማይሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ መላ የሚከሽፍባቸው ሰዎች አሉ። የሃሺሞቶ በሽታ (የሰውነት መከላከያ የገዛ ዕጢውን የሚያጠቃበት) ያለባቸው፣ ዕጢያቸው በከፊል የተቆረጠ ወይም በጨረራ አዮዲን የታከመ፣ ፅንስና ያለጊዜው የተወለዱ ሕፃናት ከእገዳው በቀላሉ ስለማይወጡ ሆርሞናቸው እያነሰ ይሄዳል። በጃፓን ሆካይዶ ደሴት ኮምቡ የተባለውን የባሕር አረም አዘውትረው በሚበሉ የባሕር ዳርቻ ነዋሪዎች ዘንድ ከአዮዲን ብዛት የመጣ እንቅርት ታይቷል።

ተቃራኒው ጉዳት የሆርሞን መብዛት ሲሆን፣ በጀርመናዊው ሐኪም ካርል ፎን ባዜዶው ስም ዮድ-ባዜዶው ይባላል። የጄኔቫው ሐኪም ዣን-ፍራንሷ ኮይንዴ እ.ኤ.አ. በ1820 እንቅርትን በአዮዲን ማከም ሲጀምር፣ ከታካሚዎቹ አንዳንዶቹ ልባቸው በኃይል ይመታ፣ ሰውነታቸውም ይከሳ ጀመር። በአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ እ.ኤ.አ. በ1966 ዳቦ ላይ አዮዲን ሲጨመርም የሆርሞን መብዛት በሽታ ከፍ አለ። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ለዓመታት በእጥረት የኖረ ዕጢ ከአንጎል የሚመጣውን ትእዛዝ የማይሰሙ እባጮች ያበቅላል፤ እነዚህም አዮዲን ሲያገኙ ያለ ገደብ ያመርታሉ። የሚጎዱት በብዛት በዕድሜ የገፉ ሰዎች ናቸው፤ የልብ ምት መዛባት ደግሞ ዋናው ስጋት ነው።

ትርፉ አዮዲን የሚመጣው ከምግብ ብቻ ሳይሆን ከሕክምናም ነው። ለልብ ምት መዛባት የሚሰጠው አሚዮዳሮን 200 ሚሊግራም ክኒን ውስጥ 75 ሚሊግራም ያህል አዮዲን አለ፤ ይህም ከዕለት ፍላጎት 500 ጊዜ ይበልጣል። ለሲቲ ስካን በደም ሥር የሚሰጠው ማቅለሚያም ከፍተኛ አዮዲን ይይዛል። የዎልፍ-ቻይኮፍ እገዳ ግን ጥቅምም አለው፤ አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ፕላመር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ከቀዶ ሕክምና በፊት ሆርሞን የሚያበዛ ዕጢን በአዮዲን ማረጋጋት ጀምሯል።

የአዮዲን እጥረት ለረጅም ጊዜ በተስፋፋበት በኢትዮጵያ ይህ እውቀት አዮዲን ያለውን ጨው ለመተው ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ እጥረት በፅንስ አንጎል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እጅግ ይከፋል። እንቅርት ያለበት ሰው ማቅለሚያ ከመወጋቱ በፊት ለሐኪሙ ይንገር፤ የአዮዲን ጠብታና የባሕር አረም ክኒንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰድ።