ወንጀለኛው አስቀድሞ የሚታወቅበት የምርመራ ታሪክ

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ከደራሲው ጋር አንድ የቆየ ውል አለው። ደራሲው ገዳዩን እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ድረስ ይሸሽገዋል፤ አንባቢውም «ማን ይሆን?» እያለ ይከተለዋል። ይህን ውል አስቦበት ያፈረሰው ሪቻርድ ኦስቲን ፍሪማን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው።

ፍሪማን በ1862 በለንደን ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሕክምና ትምህርቱን እንደ ፈጸመ፣ በ1887 ዛሬ ጋና ወደምትባለው፣ ያን ጊዜ የወርቅ ጠረፍ ትባል ወደ ነበረችው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በመንግሥት ሐኪምነት ተላከ። በዚያም በጽኑ ትኩሳት ታሞ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ አገሩ ተመለሰ። ጤናው ከዚያ ወዲያ ስላልጸናለት በሕክምና ሥራ ብቻ መኖር አልቻለምና ብዕር አነሣ። ሰው መቼም እንጀራውን ሊፈልግ ሲወጣ የት እንደሚደርስ አያውቅም። በ1907 ባሳተመው «ቀዩ የአውራ ጣት አሻራ» በተባለው መጽሐፉ ሐኪምም የሕግ ዐዋቂም የሆነውን ዶክተር ቶርንዳይክን ለአንባቢ አስተዋወቀ። የለንደን ፖሊስ የአሻራ ክፍል በ1901 ከተቋቋመ ገና ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ፍሪማን ግን አሻራም ተመሳስሎ ሊሠራ እንደሚችል፣ ስለዚህም በጭፍን ሊታመን እንደማይገባ ጻፈ።

ትልቁ ድፍረቱ የታየው በ1912 በመጽሐፍ መልክ በወጣው «ዘማሪው አጥንት» በተባለው የአጫጭር ታሪኮች መድበሉ ነው። ከታሪኮቹ አንዱ የኦስካር ብሮድስኪ ጉዳይ ሲሆን፣ በሁለት ክፍል ተከፍሎ ቀርቧል። በመጀመሪያው ክፍል ሲላስ ሂክለር የተባለ ሌባ፣ ባቡር እስኪደርስ ቤቱ ያስጠጋውን የአልማዝ ነጋዴ ገድሎ ሬሳውን በባቡር ሐዲድ ላይ ሲያጋድመው አንባቢው በዓይኑ ያየዋል። የተሰበረውን የሟቹን መነጽር እንኳ ለቃቅሞ ከሬሳው አጠገብ ይበትናል። ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን የሟቹ ባርኔጣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያገኘዋል! በጥድፊያ ያቃጥለዋል።

በሁለተኛው ክፍል ቶርንዳይክ ትንሽ ሣጥን በሚያህል ተንቀሳቃሽ ቤተ ሙከራው ይደርሳል። ከሐዲዱ አጠገብ የፈሰሰው ደም ጥቂት ነው፤ እንግዲያስ ሰውየው ባቡሩ ሳይደርስ ሞቷል ማለት ነው። በጥርሱ መካከል የጨርቅ ክር ተገኘ። ከመነጽሩ ስባሪ ጋር የመነጽር ያልሆነ የብርጭቆ ስባሪ ተደባልቋል። አንባቢው ያየውን ነገር ሁሉ መርማሪው ከፍርስራሽና ከዐመድ መልሶ ያነሣዋል። ፍሪማን በታሪኮቹ ውስጥ የሚያገባቸውን ሙከራዎች አስቀድሞ ራሱ እየሠራ ይፈትን ነበርና፣ ይህ ክፍል ከግምት ይልቅ የሙያ ዘገባ ይመስላል።

የዚህ አጻጻፍ ዋና ፍሬ ነገር ከዚህ ላይ ነው። በአገራችን የቀድሞ አውጫጭኝ ሕዝብ ተሰብስቦ የሚጠየቀው «ማን አደረገው?» ተብሎ ነበር። ፍሪማን ግን ለዚህ ጥያቄ መልሱን አስቀድሞ ሰጥቶ ሌላ ጥያቄ ያቀርባል፤ ይኸውም «በምን ይታወቃል?» የሚለው ነው። ሁላችንም ገዳዩን እናውቀዋለን፤ ዕውቀታችን ግን በችሎት ፊት አንዲት ክር አታህልም። ማወቅ ሌላ፣ ማስረዳት ሌላ መሆኑን ከዚህ ይልቅ ግልጽ አድርጎ ያሳየ ልብ ወለድ ማግኘት ያስቸግራል።

ፍሪማን የገዳዩን ልብ እምብዛም አልመረመረም፤ ለእኔ ጉድለቱ ይህ ነው። ይህን ያደረገው ፍራንሲስ አይልስ በሚል የብዕር ስም የጻፈው አንቶኒ በርክሊ ኮክስ ነው። በ1931 በወጣው ልብ ወለዱ አንድ የገጠር ሐኪም ሚስቱን ለመግደል መወሰኑን ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይነግረናል። ሐኪሙም ሚስቱን በመግደል ተከሶ በነፃ ይለቀቃል፤ ቀጥሎም ባልፈጸመው ግድያ ተፈርዶበት ይሰቀላል። እዚህ ላይ ማስረጃ ራሱ ሊያሳስት እንደሚችል እናያለን፤ ቶርንዳይክ ይህን ቢያነብ ደስ የሚለው አይመስለኝም።

እርግጥ ነው፣ ዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት»ን በ1866 ሲጽፍ ገዳዩን ከማንም አልሸሸገም። በዚያ መጽሐፍ መርማሪው ፖርፊሪ ፔትሮቪች ተጠርጣሪውን የሚያስጨንቀው በክርና በዐመድ ሳይሆን በጨዋታና በትዕግሥት ነው። ሪቻርድ ሌቪንሰንና ዊልያም ሊንክ የተባሉት አሜሪካውያን ደራሲዎች ኮሎምቦን ሲፈጥሩ መነሻ ያደረጉት ይህን ሰው ነው። በ1968 ፒተር ፎልክ በቴሌቪዥን የተጫወተው ይህ የፖሊስ መኰንን የተጨማደደ የዝናብ ካፖርት ለብሶ፣ ተሰናብቶ ከበር ላይ እየተመለሰ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጨምራል። በብዙዎቹ ክፍሎች ኮሎምቦ ብቅ የሚለው ታሪኩ ብዙ ከተጓዘ በኋላ ነው፤ ተመልካቹም እስከዚያ ድረስ ከገዳዩ ጋር ብቻውን ይቆያል።