ከአንቺም እስከ ሃርለም

በጋይንት የሚያልፈው ጥንታዊ መንገድ ደብረ ታቦርን ከወሎ ያገናኛል። የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ በ1922 ዓ.ም. ጦራቸውን ወደ ምሥራቅ ሲያንቀሳቅሱ ያገሩ ሰው ያልለመደው መሣሪያ ይጠብቃቸው ነበር። መጋቢት 22 ቀን፣ ከጋይንት ማዶ በአንቺም ሜዳ፣ ቀደም ብሎ የውግዘት ወረቀት የበተነው አውሮፕላን ቦምብ ጣለ። አብራሪው ፈረንሳዊ ነበር። ራስ ጉግሣ በዚያው ቀን ወደቁ፤ ከሁለት ቀን በኋላም ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዐረፉ።

በዚያ ሜዳ ከተሰለፉት መካከል ራሱን «ጥቁር ሕዝብ» ብሎ የሚጠራ ነበረ ለማለት ያስቸግራል። ሰው የሚታወቀው ባገሩ፣ በሃይማኖቱና በጌታው ነበር። ቀይ፣ ጠይምና ጥቁር የመልክ እንጂ የወገን ስሞች አልነበሩም። ይባስ ብሎ የመልክ ጥቁረት ከባርነት ጋር ተቆራኝቶ ለስድብ ይውል ነበር፤ ባርነትን ፈጽሞ የሚሽረው ዐዋጅ የወጣው ገና በ1934 ዓ.ም. ነው። ፍራንትዝ ፋኖን ጥቁር ሰው ጥቁርነቱን ከነጩ ዓይን እንደሚማር ሲጽፍ የማርቲኒክን ልጅ እያሰበ ነበር። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ በዚያ ዓይን ሥር አላደገም። ስለዚህም ከውቅያኖስ ማዶ በስሙ የሚምሉ ሰዎች እንዳሉት ሳያውቅ ኖረ።

እነሱ ግን መጡ። በዚያው ሰሞን የትሪኒዳድ ተወላጁ ሁበርት ጁሊያን ከሃርለም መጥቶ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በፓራሹት ወረደ። ለጋዜጣ የተፈጠረ ሰው ነበር፤ ከዘውድ በዓሉ በፊት የንጉሠ ነገሥቱን አውሮፕላን ከስክሶ ተሰናበተ። ጆን ሮቢንሰን ግን ሌላ ነው። በ1927 ዓ.ም. ከቺካጎ መጥቶ በወረራው ወቅት መልእክት እያመላለሰ በረረ፤ ከድል በኋላም ተመልሶ ወጣቶቻችንን በረራ አስተማረ፤ በ1946 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በደረሰበት አደጋ ሞተ።

በዚያው በ1927 ዓ.ም. ሰኔ ወር ጆ ሉዊስ ጣሊያናዊውን ካርኔራን ኒውዮርክ ላይ በቡጢ ሲጥል ሃርለም ድሉን ለኢትዮጵያ ጭምር ቆጠረው። ዶክተር መላኩ በያንም በ1929 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽንን መሥርተው ኢትዮጵያዊ ከጥቁር ሕዝብ ተነጥሎ እንደማይቆም አስተማሩ። ይህ ትምህርት ወደ አገር ቤት የገባው በዝግታ ነው። ቴዎድሮስ ካሣሁን በ2004 ዓ.ም. «ጥቁር ሰው» ባለው አልበሙ ቃሉን ከአድዋና ከምኒልክ ጋር አስተሣሥሮ በየአደባባዩ የክብር ቃል አደረገው። በየቤቱ ግን ስድቡ ከምላሳችን ወርዷል ብዬ አልመሰክርም።

እንደ ጸሐፌ ተውኔት ሁለቱን አውሮፕላኖች ባንድ መድረክ ማየት እሻለሁ፤ አንደኛው በአንቺም በወገን ጦር ላይ ቦምብ ሲጥል፣ ሌላው በሮቢንሰን እጅ መልእክት ይዞ ሲበር። በመካከላቸው ያለው ዕድሜ አምስት ዓመት ነው።