ኤርታሌ

ኤርታሌ በአፋር ክልል በዳናክል ረባዳ ምድር የሚገኝ እሳተ ገሞራ ነው። ግርጌው ከባሕር ወለል በታች፣ ጫፉ 613 ሜትር ከባሕር ወለል በላይ ነው። በጉድጓዱ ለአሥርት ዓመታት ሲንቀለቀል የቆየው የቅልጥ አለት ሐይቅ በዓለም ላይ ካሉት ጥቂት መሰል ሐይቆች አንዱ ነው።

አፈጣጠር

የአፋር ምድር የመሬት ቅርፊት የሚሰነጠቅበትና የሚሳሳበት ስለሆነ ቅልጥ አለት በቀላሉ ወደ ላይ ይወጣል። የኤርታሌ ባዛልት ቀጭንና ፈሳሽ በመሆኑ ተራራው ሾጣጣ ሳይሆን ሰፊና ለዘብ ያለ ተዳፋት አለው።

ለረጅም ዘመን እሳት በሚታይባቸው በቱርክ ያናርታሽ እና በኢራቅ ባባ ጉርጉር የሚነደው ከመሬት የሚወጣ ጋዝ ነው። የኤርታሌ እሳት ግን ራሱ የቀለጠ ድንጋይ ነው። የሐይቁ ገጽ አየር ሲነካው ጠቁሮ ይረጋል፤ ወዲያው ይሰነጠቅና በስንጥቁ ደም የመሰለ ቅላት ይታያል። ከዚያ የረጋው ቅርፊት ሰምጦ ከሥር ትኩሱ ይተካዋል። ሐይቁ ሳይረጋ የሚቆየው በዚህ ከሥር በሚመጣ ሙቀት ነው።

የእሳቱ ዕድሜ

ሐይቁ መቼ እንደተፈጠረ አንድ ዓይነት መልስ የለም። አንዳንዶች እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ እንደነበረ ሲገምቱ፣ ሌሎች በአስተማማኝ ሁኔታ የሚመዘገበው ከ1967 ወዲህ ያለው ብቻ ነው ይላሉ። ሰፊ ሳይንሳዊ ጥናት የተጀመረው በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ ሃሩን ታዚየፍና ጆርጂዮ ማሪኔሊ በመሩት የፈረንሳይና የኢጣሊያ ቡድን ነው። በዚያ ዘመን ንቁ ሐይቆች ሁለት ነበሩ።

ሐይቁን «የማይጠፋ እሳት» ማለት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሐይቁ ሞልቶ ይፈስሳል፣ ጎድሎም ከዓይን ይርቃል። በጃንዋሪ 2017 የተራራው ደቡብ ምሥራቅ ጎን ተሰንጥቆ ቅልጥ አለት ሲፈስ፣ በጉድጓዱ ያለው ሐይቅ ቁልቁል ወረደ። በጁላይ 2025 ደግሞ ከተራራው ብዙ አመድ ተነሣ። ጎረቤቱ የሆነው ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ በኖቬምበር 2025 ፈንድቶ አመዱ የመንንና ኦማንን አልፎ እስከ ሕንድ ደረሰ።

ባህላዊ ትርጉም

በአፋሮች ዘንድ ተራራው የጂን መኖሪያ ነው ተብሎ ሲነገር ቆይቷል፤ ሰዎችም ሳያስፈልግ አይቀርቡትም ነበር። እሳቱን ያጠኑ የውጭ ሰዎች መንገድ ያሳያቸው የነበረው ግን የአካባቢው ሰው ነው። የእሳቱ ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ የአፋሮች እውቀትና ትዝታ ከሳይንሱ እኩል ቦታ ይገባዋል።

ጉብኝት

ጎብኚዎች ከመቀሌ ተነሥተው በአፋር መሪዎች ታጅበው ሙቀቱን ሽሽት በሌሊት ይወጡ ነበር፤ ግመል ፍራሽና ውኃ ይጭን ነበር። ጉብኝቱ ግን ከአደጋ ነፃ አልነበረም፤ በጃንዋሪ 2012 አምስት የውጭ ቱሪስቶች በአካባቢው ተገድለዋል።