የካፋ መንግሥትና የአፄ ምኒልክ ጦር የኃይል ንጽጽር

የቡና መገኛነቷ የሚነገርላት ማንኪራ የምትገኝበት ካፋ፣ እስከ 1889 ዓ.ም. ድረስ በራሱ ንጉሥ የሚተዳደር መንግሥት እንደነበረ ይታወሳል።

በዚሁ ዓመት በመጨረሻው የካፋ ንጉሥ በጋኪ ሸሮቾ ላይ የዘመተው የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የበላይ አዝማችነት የተመራ ሲሆን፣ ደጃዝማች ተሰማ ናደው፣ ደጃዝማች ደምሰው ናሲቡና የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋርም ተሰልፈውበታል። በታሪክ ጸሐፊዎች ግምት መሠረት ዘማቹ 31 ሺህ ያህል ሲሆን፣ 20 ሺህ የሚሆነው ጠመንጃ የታጠቀ ነበር። በአንጻሩ የካፋ ወገን የነበረው ጠመንጃ ከ300 ብዙም ያልዘለለና ያረጀ ነው፤ አብዛኛው ተዋጊ የሚተማመነው በጦርና በጋሻ ነበር።

ይህ ልዩነት የተፈጠረው በአንድ ጊዜ አይደለም። የሸዋ ጦር በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጎጃምን ድል ካደረገ በኋላ የደቡብ ምዕራቡ በር ተከፍቶለት ነበር፤ በ1888 ዓ.ም. ደግሞ ከዐድዋ ብዙ መሣሪያ ማርኳል። ካፋ ግን ለጠመንጃ ንግድ ከሚመቹት የባሕር በሮች እጅግ የራቀ ነበር።

በቁጥር ብቻ ቢታይ ጦርነቱ በጥቂት ቀናት ማብቃት ነበረበት፤ ሆኖም ወራትን ፈጅቷል። ምክንያቱም የካፋ ትክክለኛ ምሽግ መልክዓ ምድሩ ነበር፦ በድንበር የተቆፈሩ ጥልቅ ጉድቦች፣ የእንጨት አጥሮች፣ የጎጀብ ሸለቆና ጥቅጥቅ ያለው ደን። ንጉሡ በዚሁ ደን ተሸሽገው ከቆዩ በኋላ በመስከረም 1890 ዓ.ም. ተማርከዋል።