የታች ክብደት፦ ቫን ለኮረኮንች መንገድ ሲዘጋጅ የሚረሳው ቁጥር

አልጋ፣ ምድጃና የውሃ ጋን የተገጠመለት ቫን ይዞ ከአስፋልት መውጣት የፈለገ ሰው ገበያ ሲወጣ በአብዛኛው ሁለት ነገር ይቀርብለታል፤ ከፋብሪካው የሚበልጥ ጎማና የመኪናውን ቁመት የሚያሳድግ ሞላ። ሁለቱም ዓይን ይሞላሉ፤ ጥቅም የላቸውም ማለትም አይቻልም። ነገር ግን የኮረኮንች ጉዞን ምቾትና የመኪናውን ዕድሜ ከሁሉ በላይ የሚወስነው ቁመቱ አይመስለኝም። የሚወስነው መሐንዲሶች በእንግሊዝኛ «አንስፕረንግ ማስ» የሚሉት ነገር ነው። በአማርኛ «ከሞላ በታች ያለ ክብደት»፣ ሲያጥር ደግሞ «የታች ክብደት» ብንለው ጋራዥ ውስጥም ጽሑፍ ላይም ያገለግላል። መንገዱን በቀጥታ የሚከተለው ይህ ክብደት ነው፦ ጎማ፣ ቸርኬ፣ የፍሬን ዲስክና ሸራ፣ ኋላው ድፍን አክስል ከሆነም አክስሉ ራሱ ከነዲፈረንሻሉ። ባሌስትራና አሞርዛተር አንዱ ጫፋቸው ከሻንሲው፣ ሌላው ከጎማው ወገን ስለሚታሰር በግማሽ ይቆጠራሉ። ሞተሩ፣ ቦዲው፣ አልጋው፣ ባትሪው፣ ተሳፋሪው ሁሉ «የላይ ክብደት» ነው። ሞላ የሚጠብቀው የላዩን ነው፤ ለታቹ የሚደርስለት ሞላ የለም።

ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚያመጣ በግልጽ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ የለንደን ምድር ባቡር ነው። የሴንትራል ለንደን መስመር እ.ኤ.አ. በ1900 ሲከፈት ባቡሮቹን የሚጎትቱት የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቮች እያንዳንዳቸው 44 ቶን ይመዝኑ ነበር። ሞተሮቻቸው ያለ ጥርስ ማርሽ በቀጥታ ከአክስሉ ጋር የተገጠሙ ስለነበሩ ከዚያ ውስጥ 33 ቶኑ ያረፈው ከሞላ በታች ነው። ብዙም ሳይቆይ ከመስመሩ በላይ ያሉ ሕንጻዎች ነዋሪዎች ስለ ንዝረቱ አቤት ማለት ጀመሩ፤ መንግሥትም የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቋመ። ኩባንያው ከሎኮሞቲቮቹ ሦስቱን ማርሽ ባላቸው ቀላል ሞተሮች ቀይሮ ሲሞክራቸው ንዝረቱ ቀነሰ፤ ሞተሩ በተሳፋሪ ፉርጎዎች ላይ የተከፋፈለበት ባቡር ደግሞ ከዚያም የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በ1903 ሎኮሞቲቮቹ ከመስመሩ ወጡ። ሐዲዱና ዋሻው ባሉበት እንደነበሩ፣ ክብደቱ የት እንደሚቀመጥ መለወጡ ብቻ ከበላዩ ያለውን ሰፈር እፎይ አሰኘ።

አሁን ወደ ጠጠር መንገድ እንምጣ። በካሊፎርኒያው የዴዝ ቫሊ ብሔራዊ ፓርክ ከዩቢሂቢ ገሞራ አፍ ወደ ሬስትራክ የሚወስደው መንገድ 43 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በካምፐር ቫን ተጓዦች ዘንድ ስሙ የሚነሣው ከዳር እስከ ዳር በተሸነሸነ ገጹና በስለታም ድንጋዩ ነው። እንዲህ ያለው ሽንሽን እየደጋገመ የሚመጣ ትንሽ ጉብታ ነው። በጉብታና በጉብታ መካከል 80 ሳንቲ ሜትር አለ እንበል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 10 ሜትር ይጓዛል፤ ስለዚህ ጎማው በሰከንድ ከ12 ጊዜ በላይ ይመታል። የመኪና ቦዲ በሞላው ላይ በተፈጥሮው የሚወዛወዘው በሰከንድ ከ1 እስከ 2 ጊዜ ሲሆን፣ የታች ክብደት ግን በቦዲውና በመንገዱ መካከል ሆኖ በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ያህል ይዘላል። ሽንሽኑ የሚመታው በትክክል ይህንን ነው ማለት ነው። የሚዘለው ነገር በከበደ ቁጥር አሞርዛተሩ ይዞ ለማቆም የበለጠ ይደክማል፤ የሚያጠፋው ጉልበት ሁሉ ሙቀት ሆኖ በውስጡ ያለውን ዘይት ያግለዋል። ዘይቱ ሲግልና አረፋ ሲሠራ አሞርዛተሩ መያዝ ያቅተዋል፤ ጎማው ከመንገዱ ጋር ከመጣበቅ ይልቅ ከጉብታ ጉብታ ይዘላል፤ መሪውም ፍሬኑም የሚይዙት መሬት ያጣሉ። ቁም ሣጥኑ ብሎኑን የሚጥለውና መስታወቱ የሚንቀጠቀጠው ከዚያ በኋላ ነው። ለዚህም ነው በተመሳሳይ ገንዘብ ከባድ ቸርኬ ከመግዛት ይልቅ ዘይቱ ብዙ የሆነና ሙቀት ቶሎ የሚያወጣ አሞርዛተር መግዛት የሚበልጠው።

ለታች ክብደት ሞላ የለም ስል አንድ ነገር ቀርቷል፤ በጎማው ውስጥ ያለው ነፋስ ነው። መንገዱና ቸርኬው መካከል ካለው ነገር ሁሉ ሊተጣጠፍ የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ነፋሱ ሲቀንስ ጎማው ይለሰልሳል፣ ትንሹን ድንጋይ ቸርኬውን ሳያስነሣ ይውጠዋል፣ በአሸዋ ላይም የሚያርፍበት ቦታ ስለሚረዝም ቶሎ አይሰምጥም። ስለዚህ ከሁሉ ርካሹ የሰስፔንሽን ማሻሻያ መለኪያና በባትሪ የሚሠራ የነፋስ መሙያ ነው። ይህ ግን ወሰን አለው። የጎማ የሸክም አቅም ከነፋሱ ጋር አብሮ ይወርዳል፤ ነፋሱ ያነሰበት ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ጎኑ ከልክ በላይ ይተጣጠፍና ይግላል፤ በኃይል ሲታጠፍም ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። ነፋስ የቀነሰ ሰው ዝግ ብሎ ይነዳ፤ አስፋልት እንደደረሰም ፍጥነት ከመጨመሩ በፊት ሞልቶ ይሂድ።

እንዲህ ሲባል የሚመጣ ተቃውሞ አለ፦ ሦስት ቶን በሚያልፍ ቫን ላይ በየጎማው የሚጨመር ጥቂት ኪሎ ምን ያመጣል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እውነትም የላይ ክብደቱ የከበደ ቫን ከትንሽ መኪና ይልቅ ከባድ ጎማን ይችላል። ይሁን እንጂ የተጨመረው ኪሎ መነጻጸር ያለበት ከሦስቱ ቶን ጋር ሳይሆን በዚያ ማዕዘን ከሞላው በታች ካለው ጋር ነው፤ እሱ የሚቆጠረው በአሥሮች ኪሎ ነው። በተጨማሪም ጎማና ቸርኬ ይሽከረከራሉ፤ ጠርዛቸው ላይ ያለ እያንዳንዱ ኪሎ ሲነሡ የሞተሩ፣ ሲቆሙ የፍሬኑ ዕዳ ይሆናል። ፋብሪካዎቹም ይህን አያቃልሉትም፤ መርሴዲስ በስፕሪንተሩ ፊት አግድም የዘረጋው ባሌስትራ ከብረት የተሠራ አይደለም፣ ፋይበርግላስ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይጠነክራል፦ ቀላል ጎማ ስለታም ድንጋይ ላይ ጎኑ ይቀደዳል። ትክክል ነው። እዚህ ላይ ክብደቱ የሚገዛው ነገር አለና ወፍራም ጎን ላለው ጎማ የተጨመረውን ኪሎ በደስታ መክፈል ይገባል። ቅለት ፍለጋ ብሎ የቤት መኪና ጎማ ቫን ላይ መግጠምማ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የሸክም ቁጥር 120 ከሆነ አንዱ ጎማ የሚችለው 1,400 ኪሎ ነው፣ ከፋብሪካው ከታዘዘው ቁጥር በታች መውረድም አይገባም። የምለው፣ ጥንካሬያቸውና የሸክም ቁጥራቸው እኩል ከሆኑ ጎማዎች መካከል ክብደቱን ጠይቆ ቀላሉን መምረጥ ነው። አምራቾች በሰንጠረዣቸው ያወጡታል፤ ሻጩ ካላወቀው ሚዛን ላይ ማውጣት ነው።

ሦስተኛው ስለ ቁመት ነው፤ ድንጋይ ሆዱን እንዳይመታው መኪናው ከፍ ማለት አለበት ይባላል። ኋላው ድፍን አክስል ለሆነው ስፕሪንተር ግን ረጅም ሞላ ወይም ባሌስትራ የሚያነሣው ቦዲውን ነው፤ ከኋላ ዝቅ ብሎ የሚገኘው ዲፈረንሻል ካለበት ንቅንቅ አይልም። እሱን የሚያነሣው የጎማው ቁመት ብቻ ነው። ባለ 16 ኢንች ቸርኬ ላይ ከ245/75 ወደ 265/75 ቢኬድ ጎማው ከ774 ወደ 804 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ አክስሉ ከፍ የሚለው የዚህ ግማሽ፣ 15 ሚሊ ሜትር ነው። በምላሹ ጎማው ይከብዳል፣ ማርሹ 4 በመቶ ገደማ ይረዝማል፣ የፍጥነት መለኪያው 100 ሲያሳይ መኪናው ወደ 104 ይሄዳል። ቦዲው ደግሞ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው በቁም ሣጥን የተሞላ ነውና 5 ሳንቲ ሜትር ሲነሣ ጎን ለጎን ባዘመመ መንገድ ላይ የመገልበጥ ስጋቱ ይጨምራል። የባሌስትራ ቅጠል መጨመር የሚገባው ቫኑ ከነጓዙ ተመዝኖ ኋላው በእርግጥ ሲወርድ ከታየ ነው፤ ያን ጊዜም ፋብሪካው ወደፈቀደው ከፍታ ለመመለስ ያህል። የውሃ ጋኑንና ባትሪውን ከወለሉ አጠገብ፣ በሁለቱ አክስሎች መካከል ማውረድ ደግሞ ምንም ሞላ ሳይነካ የሚሠራ ሥራ ነው።