ፖሊሲ፦ አንድ ስም፣ ሁለት ዘር

«የጎርፍ ፖሊሲ» ሲባል ሁለት ነገር ይታሰባል። አንዱ መንግሥት ወንዝና ባሕር ዳሩን እንዴት እንደሚያስተዳድር የሚወስንበት መመሪያ ነው፤ ሌላው የመድን ኩባንያ ማኅተም አሳርፎ ለደንበኛው የሚሰጠው ውል። አማርኛ ሁለቱንም የተቀበለው ከእንግሊዝኛ ነው። በመልክ አይለያዩም፤ በዘር ግን አይዛመዱም።

የመንግሥቱ ፖሊሲ አያቱ የግሪኩ «ፖሊስ» ነው፤ ከተማ ማለት ነው። ከእሱ የከተማ አስተዳደርን የሚሰይመው «ፖሊቴያ» ወጣ፤ መንገድ ላይ የምናየው ሕግ አስከባሪም የዚሁ ቤት ልጅ ነው። የመድኑ ፖሊሲ የሚወለደው «አፖዴይክሲስ» ከሚባል ሌላ የግሪክ ቃል ነው፤ ማስረጃ እንደማለት። ቃሉ በላቲን በኩል ጣሊያን ደርሶ «ፖሊትሳ» ተባለ። የጣሊያን ወደብ ነጋዴዎች ለመርከብና ለጭነት መድን ይዋዋሉ ነበር፤ ከሚታወቁት የመድን ውሎች ቀዳሚው በ1347 እ.ኤ.አ. ጄኖቫ ላይ የተጻፈው ነው። ፈረንሳይኛ ደግሞ ይህንንም «ፖሊስ» ብሎ ከሕግ አስከባሪው ጋር ሞክሼ አደረገው። ስለዚህ ፈረንሳይኛ በሚነገርባት ጅቡቲ ከተማ ውስጥ መድን የገባ ነጋዴ አንዱን ፖሊስ መሳቢያው ውስጥ ቆልፎ፣ ሌላውን በር ላይ ሰላም ብሎት ያልፋል።

ለመድኑ የሚከፈለው ገንዘብ በእኛ ዘንድ አረቦን ይባላል። ይህ ቃል ከፖሊሲም ይበልጥ ብዙ አገር የዞረ ነው። በዕብራይስጥ «ዔራቦን» መያዣ ነው፤ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 38 ይሁዳ ለትዕማር ማኅተሙንና በትሩን የሰጣት በዔራቦንነት ነው። ሴማውያን ነጋዴዎች ቃሉን ለግሪኮች አቀበሉ፤ ላቲን ከግሪክ ወስዶ አሳጠረው፤ ፈረንሳይኛ ዛሬም ቀብድን «አር» ይላል። ዐረብኛው «ዐርቡን» ነው፤ ግእዝም «ዐረቦን» ይለዋል። የጅቡቲ የመንግሥት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ስለሆኑ፣ አንዱ ቃል በሰሜንም በደቡብም ዞሮ እዚያው ገበያ ላይ ተገናኝቷል።

አማርኛ ለግዢው መያዣ «ቀብድ»ን አስቀርቶ አረቦንን ለመድን ሰጠው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። አረቦን እንዲህ አይደለም። ዓመቱ በሰላም ቢያልፍ ገንዘቡ ለሌላ ሰው ጉዳት ካሳ ይሆናል እንጂ ወደ ከፋዩ አይመለስም።

መድን ራሱ የአገር ቤት ቃል ነው። ከግእዙ «ድኅነ» ወጥቶ ከመድኅን፣ ከመድኃኒት፣ ከደኅናና ከዳነ ጋር ይዛመዳል። ኩባንያ ከመምጣቱ በፊት መድን ማለት ሰው ነበር፤ «ዋስ መድን ጥራ» የተባለ ሰው የሚያውቀውን ጎረቤት ይዞ ይቀርባል።

ፖሊሲና አረቦን እንግዲህ ባሕር ያመጣቸው ቃላት ናቸው፤ ስሌታቸውም የመርከብ ስሌት ነው። መርከቦች በየፊናቸው ስለሚጓዙ አንዱ ቢሰጥም የሌሎቹ አረቦን ኪሳራውን ይሸፍናል። ሰፈር ግን አንድ ላይ ነው የሚሰጥመው።

ለዚህ ምስክሩ አምቡሊ ነው። ጅቡቲ ከተማን አቋርጦ ወደ ባሕር የሚወርደው ይህ የወንዝ መውረጃ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋና ጠጠር ነው፤ ሱማሌው «ቶግ»፣ ዐረቡ «ዋዲ» የሚሉት ዓይነት። በሚያዝያ 2004 እ.ኤ.አ. ሞልቶ ሲወርድ ከ50 በላይ ሰው ገደለ። በኅዳር 2019 እ.ኤ.አ. የሁለት ዓመት ያህል ዝናብ በአንድ ቀን ወርዶ፣ ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ገደማ በሆነች አገር እስከ ሩብ ሚሊዮን ሰው ለጉዳት ተዳረገ። ከተማዋ የቆመችው በኮራል ድንጋይ አምባዎችና በመካከላቸው በተሞላ መሬት ላይ ነው። ዝቅ ያሉት ሰፈሮች ከባሕር ወለል እምብዛም ስለማይነሱ፣ ዝናቡ ከባሕሩ ሙላት ጋር ሲገጥም ውሃው መውጫ ያጣል። የባሕር ወለል ከፍ ባለ ቁጥር ይህ ግጥምጥሞሽ ይበረክታል።

እንዲህ ባለ ቦታ መቶ ቤት ቢመዘገብ መቶውም በአንድ ቀን ካሳ ይጠይቃል። ኩባንያው ወይ አረቦኑን ያንረዋል ወይ ውሉን አይፈርምም። ፈረንሳይ ይህን ያቃለለችው በ1982 እ.ኤ.አ. ሕግ ነው፤ የንብረት መድን የገባ ሁሉ የተፈጥሮ አደጋ ሽፋንም እንዲኖረው አስገድዳ፣ ከኋላ የመንግሥትን ዋስትና አቆመች። ጅቡቲ ያኔ ነፃ ከወጣች አምስት ዓመቷ ነበር።

ከፈረንሳይ የሚወሰደው ትምህርት፣ የማስረጃው ፖሊሲ የሚጸናው የከተማው ፖሊሲ ሲደግፈው መሆኑ ነው። ስሌቱም ቀላል ነው። በአማካይ በየ10 ዓመቱ ቤት የሚያፈርስ ጎርፍ፣ በክትርና በውሃ መውረጃ ቦይ ወደ 50 ዓመት ቢራቅ፣ አረቦኑን የሚወስነው የጉዳት ግምት ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። በጅቡቲ፣ በዳመርጆግና በኾር አንጋር ባሕር ዳር ማንግሮቭ መልሶ ለማልማት የተደረገው ጥረትም ማዕበል እንዲበርድ የሚያግዝ የዚያው ሥራ አካል ነው። ክትሩ ሳይሠራ የሚሸጥ የጎርፍ መድን፣ አቅም ላለው የተጋነነ ዋጋ፣ ለሌለው ደግሞ የማይደረስበት ወረቀት ነው። በጀት ሲመደብ መጀመሪያ መነሳት ያለበት ከግሪኩ «ከተማ» የተወለደው ፖሊሲ ነው፤ የማስረጃው ፖሊሲ ከዚያ በኋላ ርካሽ ይሆናል።