ቾሪ ቾራ፤ ገበያና ታሪክ የተገናኙባት ከተማ

በሰሜን ሕንድ ከጎራክፑር ከተማ ተነሥቶ ወደ ዴኦሪያ በሚወስደው የምድር ባቡር የሚጓዝ መንገደኛ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ቾሪ ቾራ ከምትባል አነስተኛ የገበያ ከተማ ይደርሳል። ወደዚያ አገር የሚመጣው የውጭ ጐብኚ ብዙውን ጊዜ ቡድሃ ያረፈበትን ኩሺናጋርን፣ ወይም ከኔፓል ወሰን ማዶ የተወለደበትን ሉምቢኒን ለማየት የሚቸኩል ስለ ሆነ፣ ከዚህ ጣቢያ የሚወርደው ጥቂት ነው። ቢወርድም ዓይን የሚማርክ ቤተ መንግሥት ወይም ጥንታዊ መቅደስ አያገኝም። ወሩ የካቲት ከሆነ በዙሪያው ያለው ሜዳ ስንዴው ለምልሞ፣ የሰናፍጩ አበባ ቢጫ ሆኖ፣ በየማሳው የሸንኮራ አገዳ ሲቈረጥና ሲጫን ይታያል። ከዚህ የቀረው በዚያ ሜዳ ላይ ባሉት ብዙ የገበያ ከተሞች ሁሉ የሚገኝ ነው፤ ይኸውም የባቡር ጣቢያ፣ የፖሊስ ጣቢያ፣ የእህል ነጋዴዎች መደብርና ሰው የሚጋፋበት ጠባብ መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ የዚህችን ከተማ ስም ያልሰማ ሕንዳዊ ተማሪ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1922 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በዚያ በደረሰው ነገር ምክንያት «ቾሪ ቾራ» ማለት የቦታ ስም መሆኑ ቀርቶ፣ በሰላም የተጀመረ የሕዝብ ትግል ወደ ደም መፍሰስ የሚዞርበትን አደጋ የሚያስታውስ ቃል ሆነ። የአንድ ቦታ ስም እንዲህ ምሳሌ በሆነ ጊዜ ቦታው ራሱ ይረሳል። ሕንዶች ስለ ቾሪ ቾራ ለመቶ ዓመት ሲከራከሩ ኖረዋል፤ ነገር ግን ክርክሩ ብዙውን ጊዜ ስለ ጋንዲ ውሳኔ እንጂ ስለ ገበያይቱና ስለ ገበያተኞቿ አልነበረም። የዚያን ቀን ነገር ለመረዳት ግን ከገበያው መጀመር ይሻላል።

ስሙ ራሱ የምድር ባቡር የፈጠረው ነው። ቾሪና ቾራ ሁለት የተለያዩ መንደሮች ነበሩ፤ በ1885 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ወደ ጎራክፑር በተዘረጋ ጊዜ በመካከላቸው ለተሠራው ጣቢያ የሁለቱ ስም ተጋጥሞ ተሰጠው። ከዚያም በኋላ ጣቢያው የአካባቢውን ንግድ ወደ ራሱ ሳበው። ጥራጥሬ፣ ቆዳና ጉር የሚባለው ያልተጣራ ጥቁር ስኳር ወደ ታላላቆቹ ከተሞች ይጫን ጀመር፤ በምላሹም በፋብሪካ የተሠራ ጨርቅና ላምባ መጣ። በጣቢያው አጠገብ ሙንዴራ የምትባለው የገበያ ቦታ እየደመቀች ሄደች። ሙንዴራ የምትቆመው ቅዳሜ ቀን ነበር። ስለ ቅዳሜ ገበያ ለእኛ አገር አንባቢ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። ሰው ወደዚያ የሚሄደው ለመሸጥና ለመግዛት ብቻ አይደለም፤ ወሬ ለመስማት፣ ዘመድ ለመጠየቅ፣ የጠፋ ከብት ለማፈላለግም ነው።

አንድ ነገር ግን መታወቅ ይገባዋል። ሙንዴራ የማዘጋጃ ቤት ወይም የመንግሥት ገበያ አልነበረችም፤ ባለቤቷ አንድ ዛሚንዳር፣ ማለት ባለርስት ነበር። በእንግሊዞች አገዛዝ ዘመን በሰሜን ሕንድ ዛሚንዳሩ ከጭሰኞቹ ኪራይ ሰብስቦ ከዚያው ላይ ለመንግሥት ግብር የሚከፍል ሰው ነበረ። በመሬቱም ላይ ገበያ የቆመ እንደ ሆነ ከሻጩም ከነጋዴውም ቀረጥ ያስከፍል ነበር። እንግዲህ ገበሬው እህሉን ያበቀለበት መሬትም፣ እህሉን የሚሸጥበት ሜዳም የሌላ ሰው ነው ማለት ነው። ኪራዩን ለመክፈል ምርቱን ዋጋ በወደቀበት ወራት አውጥቶ ይሸጣል፤ ጨርቅ፣ ጨውና ላምባ የሚገዛው ግን በተጠየቀው ዋጋ ነው። ከ1914 እስከ 1918 ዓ.ም. የተደረገው የዓለም ጦርነት ዋጋን ሁሉ ባናረ ጊዜ ይህ ችግር እጅግ ተባባሰ። በጦርነቱ መጨረሻ የመጣው የኅዳር በሽታ፣ እኛንም በ1911 ዓመተ ምሕረት የጐዳን ያው በሽታ፣ በሕንድ አገር በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ ፈጀ።

ማሕተማ ጋንዲ የአለመተባበርን ንቅናቄ በ1920 ዓ.ም. የጀመረው በዚህ ላይ ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ እንግሊዞች ሕንድን የሚገዙት ሕንዶች ስለሚተባበሯቸው ስለ ሆነ፣ ሕዝቡ በሰላም ትብብሩን ቢነሣ አገዛዙ መቆሚያ ያጣል። የውጭ ጨርቅ እንዳይገዛ፣ የመንግሥት ፍርድ ቤትና ትምህርት ቤት እንዲተው፣ መጠጥ እንዳይጠጣ ተሰበከ። ጋንዲ የካቲት 8 ቀን 1921 ዓ.ም. ጎራክፑርን ሊጐበኝ በባቡር ባለፈ ጊዜ ሕዝቡ በየጣቢያው ተሰልፎ ጠበቀው። ቾሪ ቾራ ጣቢያ ላይ አንድ የማርዋሪ ነጋዴ ቀርቦ ስጦታ አቀበለው፤ ይህን ያየው ሕዝብ ተከታትሎ ብሩንና ሳንቲሙን በተዘረጋ ጨርቅ ላይ ያዘንብ ጀመር።

ጋንዲ በዚያ አውራጃ የቈየው ከአንድ ቀን አይበልጥም። እርሱ ከሄደ በኋላ ግን ስለ እርሱ የሚነገረው በየመንደሩ እየበዛ ሄደ። ትእዛዙን የጣሰ ሰው መቅሠፍት ደረሰበት፣ ለእርሱ የተሳለ ሰው የጠፋ ንብረቱን አገኘ እየተባለ ይወራ ነበር፤ የጎራክፑሩ ጋዜጣ «ስዋዴሽ» እንዲህ ያሉትን ወሬዎች እየሰበሰበ ያትም ነበር። የተማሩት መሪዎች በዚህ ሳቁ ወይም አፈሩ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ገበሬው «ስዋራጅ»፣ ማለት የራስ አገዛዝ የሚለውን ቃል በራሱ ኑሮ ተርጉሞ፣ ኪራይ የሚቀልበት፣ ዋጋ ቀና የሚሆንበት፣ ፖሊስ የማይማታበት ዘመን ነው ብሎ ተረዳው። ጋንዲ ያለው ይህን ብቻ አልነበረም፤ ገበሬው የሰማው ግን በተለይ ይህን ነበር።

በ1922 ዓ.ም. መግቢያ በቾሪ ቾራ አጠገብ ባለችው በዱምሪ መንደር ፈቃደኞች ስማቸውን አስመዝግበው የሰላም ቃል ኪዳን ፈረሙ። ወደ ሙንዴራ ገበያ እየወጡም በመጠጥ መሸጫ ደጃፍ ቆመው ገዢውን ያግዱ ጀመር፤ ሥጋና ዓሣም በትክክለኛ ዋጋ እንዲሸጥ ጠየቁ። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በጋንዲ መመሪያ ውስጥ የሚገኝ አይመስለኝም፤ የገበያተኛው የራሱ ነው። በየካቲት መጀመሪያ ቀኖች የፖሊስ ጣቢያው ሹም ጉፕቴሽዋር ሲንግ ወደ ገበያው መጥቶ ፈቃደኞቹን በተነ፤ ከእነርሱም መካከል ባግዋን አሂር የሚባለውን ሰው ደበደበው። ባግዋን አሂር በጦር ሠራዊት አገልግሎ ጡረታ የሚቀበል ሰው ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱን ያገለገለ ወታደር በመንደሩ ሰዎች ፊት እንደ ሌባ መደብደቡ ቍጣውን እንዳባሰው መገመት አያስቸግርም።

የካቲት 4 ቀን ቅዳሜ ነበር። ፈቃደኞቹ ጧት በዱምሪ ተሰብስበው፣ በመጀመሪያ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ሹሙ ሰው ለምን እንደ መታ ሊጠይቁ፣ ከዚያም ወደ ሙንዴራ ገበያ ሊያልፉ ተስማሙ። ከመሪዎቻቸው መካከል ናዛር አሊና ላል ሞሐመድ እስላሞች፣ ዱዋርካ ሂንዱ ነበሩ። ሰልፉ በመንገድ ላይ እየበዛ ሄዶ በሺህ የሚቈጠር ሆነ። ፊተኛው ክፍል ከፖሊስ ጣቢያው ካለፈ በኋላ ከኋላ በቀሩትና በዘበኞቹ መካከል ግርግር ተነሣ፤ ድንጋይም ተወረወረ። ድንጋዩ የተገኘው በባቡሩ ሐዲድ ሥር ከተነጠፈው ጠጠር ነበር። ፖሊሶቹ መጀመሪያ ወደ ሰማይ ተኰሱ። ማንም ሳይወድቅ በቀረ ጊዜ ሕዝቡ በጋንዲ ጸጋ ጥይቱ ውሃ ሆነ ብሎ ጮኸ፤ ወደ ፊትም ገፋ። ቀጥሎ የተተኰሰው ግን ሰው ጣለ፤ ከሰልፈኞቹ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ጥይት ባለቀ ጊዜ ፖሊሶቹ ወደ ጣቢያው ገብተው በሩን ዘጉ። ሕዝቡም ከገበያው ላምባ አምጥቶ ቤቱን አቃጠለው፤ ሊያመልጥ የወጣውንም ገደለው። የሞቱት ፖሊሶችና ዘበኞች በአንዳንድ መዝገብ 22፣ በሌላው 23 ናቸው።

ይህን ግፍ ምንም ዐይነት በደል ሊያስተባብለው አይችልም። እንደዚሁም ሁሉ ነገሩ እንደ ደራሽ ጐርፍ ካለ ምንጭ የመጣ አለመሆኑን መካድ አይቻልም። ጠጠሩም፣ ላምባውም፣ ቅዳሜውም የገበያይቱ ነበሩ።

ወሬው በቴሌግራፍ ሲሰራጭ ጋንዲ በጉጃራት በባርዶሊ ሆኖ ከአለመተባበር አልፎ ሕግን በሰላም ወደ መጣስ የሚያደርሰውን ታላቅ እርምጃ ያዘጋጅ ነበር። አንዳንዶች አንዲት ሩቅ መንደር ባደረገችው የአገር ሙሉ ትግል አይቆምም ብለው ቢመክሩትም አልሰማቸውም። የካቲት 12 ቀን የኮንግሬስ ፓርቲ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ንቅናቄው እንዲቋረጥ ወሰነ፤ ጋንዲም ለንስሐ አምስት ቀን ጾመ። በወኅኒ ቤት የነበሩት ሞቲላል ኔህሩና ላጅፓት ራይ አዘኑ፤ ወጣቱ ጀዋሃርላል ኔህሩም እንደዚሁ። ትግሉ በተጠናከረበት ሰዓት ማቆሙ ለምን አስፈለገ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ በታሪክ ጸሐፊዎች መካከል ያልተዘጋ ነው። በበኩሌ የጋንዲ ውሳኔ ከራሱ እምነት ጋር የሚስማማ እንደ ነበረ አምናለሁ፤ ሰላምን መሣሪያው ያደረገ ሰው መሣሪያው ሲሰበር ዝም ሊል አይችልም። ነገር ግን ውሳኔው ጥፋቱን አወገዘ እንጂ፣ ሰዎቹ ወደ ገበያው ምን ጥያቄ ይዘው እንደ ወጡ አልጠየቀም።

ፍርድ ቤቱም አልጠየቀም። 225 ሰዎች ተከሰሱ። የጎራክፑሩ ዳኛ በጥር ወር 1923 ዓ.ም. በ172ቱ ላይ የሞት ፍርድ ፈረደ። አንድ የፖሊስ ጣቢያ ስለ ተቃጠለ 172 ሰው ይሰቀል መባሉ በሕንድም በውጭም ታላቅ ተቃውሞ አስነሣ። ይግባኙ ወደ አላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በቀረበ ጊዜ ታዋቂው ማዳን ሞሃን ማላቪያ ለተከሳሾቹ ጠበቃ ሆኖ ተከራከረ። በሚያዝያ መጨረሻ የተሰጠው ፍርድ የሞቱን ቅጣት ለ19 ሰዎች ብቻ አጸና፤ 110 ሰዎች የዕድሜ ልክ ግዞት ተፈረደባቸው፤ 38 በነጻ ተለቀቁ። 19ኙ በሐምሌ 1923 ዓ.ም. መጀመሪያ በተለያዩ ወኅኒ ቤቶች ተሰቀሉ። ከአብዛኞቹ እጅ የቀረ ጽሑፍ የለም። ዛሬ ድምፃቸውን የምናገኘው በዚያው በችሎት መዝገብ፣ ሊኰንናቸው በተጻፈው ወረቀት ላይ ነው። የታሪክ ጸሐፊው ሻሒድ አሚን ይህን መዝገብ ከመንደሩ ሽማግሌዎች ትዝታ ጋር አመሳክሮ በ1995 ዓ.ም. ያሳተመው መጽሐፍ የገበያውን ነገር እንደ ገና ያነሣው በዚህ መንገድ ነው።

ዛሬ ወደ ቾሪ ቾራ የሚሄድ ጐብኚ መታሰቢያዎችን ያያል። የመጀመሪያውን እንግሊዞች በ1923 ዓ.ም. ለሞቱት ፖሊሶች አቆሙት። ለተሰቀሉት መታሰቢያ ለማቆም ግን ሕንድ ነጻ ከወጣችበት ከ1947 ዓ.ም. በኋላ እንኳ ብዙ ዓመት ፈጅቷል፤ ኮንግሬስ ያወገዘውን ነገር የኮንግሬስ መንግሥት ለማወደስ ተቸግሮ ነበርና። ዛሚንዳርነት በዚያ ክፍለ ሀገር በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሕግ ሲሻር የሰማዕታቱ ሐውልት ገና አልተሠራም ነበር። በኋላም የአውራጃው ሰዎች በ1971 ዓ.ም. ማኅበር አቋቁመው፣ ገንዘብ አዋጥተው፣ 12 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሐውልት በ1973 ዓ.ም. አሠሩ። መንግሥት የሚያሠራውን ሌላ መታሰቢያ የመሠረት ድንጋይ ኢንዲራ ጋንዲ በ1982 ዓ.ም. አኖረች። በከተማይቱ ስም የሚጠራ ፈጣን ባቡርም አለ። በ2021 ዓ.ም. መቶኛው ዓመት መከበር ሲጀምር ደግሞ የመታሰቢያ ቴምብር ታትሟል።

የፖሊሶቹ ሐውልት ግን አልፈረሰም፤ ከነጻነት በኋላ «ጃይ ሂንድ»፣ ማለት ድል ለሕንድ የሚል ጽሑፍ ተጨመረበት። ከሞቱት መካከል ቾኪዳር የሚባሉ የመንደር ዘበኞች ነበሩ፤ እነርሱም በጥቂት ደመወዝ የሚያገለግሉ፣ ከዚያው አገር የተወለዱና እንደ ገዳዮቻቸው ሁሉ በየቅዳሜው ወደ ሙንዴራ የሚወጡ ገበያተኞች ነበሩ።